ባሕር በጀሪካን

ከተማዬ ዓለም ጤና ትባላለች። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ ቆቃን አልፈው መቂ ሳይደርሱ የሚያገኟት የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገደኛው የሚያውቃት በሽንኩርቷና በቲማቲሟ ነው፤ ጨዋታ የሚወድ ተሳፋሪ ደግሞ የታፔላውን ጽሑፍ አንብቦ፣ «ዓለምስ መች ጤና ሆነና!» ብሎ ለጎኑ ሰው ይቀልዳል። ቀልዱን ሺህ ጊዜ ሰምተነዋልና አንቀየምም። ስሙን ያወጣላት ሰው ምኞቱ መልካም ነበር፤ የጉድጓዱን ውሃ ግን መርምሮ ያወጣው አይመስለኝም። በእኛ አገር ብዙ ሰው ሲስቅ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ይህን ያየ እንግዳ «ምን ያለ ዓይን አፋር ሕዝብ ነው!» ይላል። ዓይን አፋርነት አይደለም፤ ጥርስ ነው።

የጥርሱን ነገር ቆይቼ አነሳዋለሁ። ለጊዜው የማጫውታችሁ ስለ ባሕር ነው፤ ያውም ከወደብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እኔ ሳሎን ውስጥ ከቡፌው አጠገብ ስለሚኖር ባሕር። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው፤ ወርዱ ግማሽ ሜትር። 280 ሊትር ውሃ ይይዛል። መስተዋቱን የቆረጠልኝ አዳማ ያለ ባለሙያ ሲሆን፣ ማቆሚያውን እኔው ራሴ ከብረት በየድኩት። ባለቤቴ ቦታውን ለቴሌቪዥን አስባው እንደነበር እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች።

መጀመሪያ ላይ ቤቱ የማርያም ማኅበር የሚጠጣበት ይመስል ሰው አይለየውም ነበር። አንድ ጎረቤቴ ባርኔጣውን አውልቆ መስተዋቱ ላይ አፍንጫውን እስኪለጥፍ ተጠጋና «ኩን ማሊ?» አለኝ፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ነገርኩት። «ቁርጡሚው ይበላል?» ሲል ዓሣዎቹን አመለከተኝ። አይበላም አልኩት። ቆቃ ሐይቅ ከበራችን ላይ ሆኖ፣ ቆሮሶውና አምባዛው በየመንገዱ ዳር በዘንግ ተንጠልጥሎ እየተሸጠ፣ የማይበላ ዓሣ በመብራት የሚቀልብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በአሳዛኝ ዓይን አየኝና «እንግዲያው ድንጋዩስ?» አለ። ድንጋዩ ሕያው ነው ስለው ጨዋታውን አቆመና ተሰናብቶኝ ሄደ።

በጎረቤቴ አልፈርድም። ኮራል ድንጋይ ይመስላል፣ አበባ ይመስላል፣ ነገር ግን እንስሳ ነው። ፔይሶኔል የተባለ የማርሴይ ሰው፣ በሙያው ሐኪም የሆነ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ለፓሪስ ሊቃውንት ቢጽፍ እነሱም አልተቀበሉትም። ነገሩ እንዲህ ነው። የእሾህ ራስ የምታህል ለስላሳ እንስሳ፣ ፖሊፕ የምትባል፣ ከባሕሩ ውሃ ውስጥ ካልሲየም እየወሰደች ከሥሯ የኖራ ድንጋይ ወንበር ትሠራለች። ወንበሩ ከፍ ሲል እሷም ከፍ ትላለች። ትከፈላለች፣ ትበዛለች፣ ጎረቤቶቿም እንደሷው ይሠራሉ። በሥጋዋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ታስጠጋለች፤ እሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስላል፣ እሷ ቤት ትሰጠዋለች። ከምትኖርበት ጉልበት አብዛኛው ከዚህ ተከራይ የሚገኝ ነው። ውሃው ከልክ በላይ የሞቀ እንደሆነ ተከራዩ ይወጣል፤ ኮራሉም ይነጣል። ከ2023 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከዓለም የኮራል ሜዳ 84 በመቶው ኮራልን ለሚያነጣ ሙቀት መጋለጡን አጥኚዎች አስታውቀዋል። ሳሎኔ ውስጥ ያለው በዚህ ቁጥር ውስጥ አልተቆጠረም።

እኔ ከኮራል ጋር የተዋወቅሁት ምጽዋ ነው። በ1976 ዓ.ም. በ19 ዓመቴ ባሕር ኃይል ገባሁ፤ ሙያዬ የማቀዝቀዣ ጥገና ሆነ። ከዓለም ጤና የሄደ ልጅ ያን ያህል ውሃ በአንድ ላይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አትጠይቁኝ። ምጽዋ ሕንፃዎቿ ራሳቸው ከባሕር የወጡ ናቸው፤ የአሮጌው ከተማ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነው። ግድግዳውን ጠጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው የማር እንጀራ የመሰለውን ቀዳዳ ያያል። የአገሬው ሰው በዐረብኛው «መርጃን» ይለዋል። እሑድ እሑድ ወደ ግሪን አይላንድ በጀልባ እየሄድን እንዋኝ ነበር። እዚያ ነው መጀመሪያ በሕይወት ያለውን ያየሁት፤ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ቢጫ። ከግድግዳው ጋር አንድ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

መቼም ስለ ባሕር ሲወራ ብዙ ሰው ከእኛ ጋር የማይገናኝ የውጭ ወሬ ይመስለዋል። የአፋርን ዝቅተኛ ሥፍራ የዞረ ሰው ግን ሌላ ነገር ይነግራችኋል። በደናክል ጠርዝ ላይ፣ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች በሆነ ደረቅ መሬት፣ የጥንት የኮራል ሜዳ ቆሞ ይታያል፤ ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ገብቶ በነበረበት ጊዜ፣ ከዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የበቀለ ነው። ባሕሩ ሄደ፣ ጨውና ኮራሉ ቀረ። ጨውን በአሞሌ ቆርጠን ገንዘብ አድርገን ስንገበያይበት ኖርን፤ ኮራሉን ግን ማንም አልነካውም።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ እኔ አሰብ ነበርኩ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከብዙ ጓደኞቼ ጋር ጅቡቲ ደረስሁ። የዚያን ዘመን ነገር ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ይጻፈው። ጅቡቲ ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው አይራብም፤ ሙቀቱ ራሱ ቀጣሪ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ከደንበኞቼ መካከል የባሕር ገንዳ በቤቱ ያለው አንድ ፈረንሳዊ ነበር። የገንዳውን ማቀዝቀዣ ልጠግን የሄድሁ ሰውዬ በየሳምንቱ መሄድ አመጣሁ፤ በመጨረሻ ሒሳብ መጠየቁንም ተውኩት። የጨው ልክ እንዴት እንደሚለካ፣ ኖራ እንዴት እንደሚንጠባጠብ፣ የታመመ ኮራል እንዴት እንደሚለይ የተማርሁት ከእሱ ነው። ፈረንሳዮች በጅቡቲ ባሕር መመካት ይወዳሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. ሞናኮ ያለው የውቅያኖስ ሙዚየም ከዚያው ከጅቡቲ ሕያው ኮራል ወስዶ ትልቅ ገንዳ ውስጥ አብቅሎበታል። ደንበኛዬ ይህን ሲነግረኝ የራሱ ገንዳ የሞናኮው ታናሽ ወንድም እንደሆነ አድርጎ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ወደ አገሬ ተመለስሁ፤ ዋናው መንገድ ዳር የፍሪጅ ጥገና ሱቅ ከፈትሁ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው አገሩ ሊገባ ሲነሣ ደወለልኝ። ገንዳው ውስጥ ከተራቡት ለስላሳ ኮራሎች ከፋፍሎ፣ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ጨምሮ፣ አንድ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል የስታይሎፎራ ግንጣይ ሰጠኝ። ስታይሎፎራ አጥንት ካላቸው ኮራሎች አንዱ ነው። አጥንት ያለው ኮራል ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም የፈረሙት ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ወረቀቱን ያስጨረሰልኝ እሱው ነው። ወረቀቱ ከኮራሉ ይከብድ ነበር።

ባሕሩ ራሱ የመጣው በጀሪካን ነው። የእኅቴ ልጅ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «ጋሼ፣ ሰው ከጅቡቲ ቴሌቪዥን ያስመጣል፤ አንተ ውሃ?» አለኝ። ለማንኛውም አሥራ አራት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞላልኝ፤ ከወደቡ ዘይት ራቅ ካለ ዳርቻ እንዲቀዳ አደራ ብዬው ነበር። መንገድ ላይ ፈታሹ አስቆመው። «ምንድን ነው ይኼ?» «ውሃ።» አሥራ አራት ጀሪካን ውሃ ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ የሚጭን ሰው ደኅና ሰው ሊሆን አይችልም። ፈታሹ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ አረቄ አይደለም፤ ናፍጣም አይደለም። በመዳፉ ቀዳና ቀመሰ። እየተፋ «ሂድ፣ ሂድ!» አለው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስመር ልጁን «ባለ ጨው ውሃው» ነው የሚሉት።

የአፍዴራ ጨው በጉድጓድ ውሃ አሟሙቶ መጨመር አይቀልም ነበር ወይ ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አይሆንም። በባሕር ውሃ ውስጥ ከሟሟው ነገር ከመቶ 85 ያህሉ የምግብ ጨው የሚሠራበት ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ኮራል ግን የሚኖረው በቀሪው 15 ነው፤ በማግኒዥየሙ፣ በካልሲየሙ፣ በሌላውም። ሌላው ደግሞ «ሻላም ጨዋማ ነው፣ አቢጃታም ጨዋማ ነው፤ ከዚያ ለምን አትቀዳም?» አለኝ። የእነሱ ጨውነት የሶዳ ነው፤ እጅ ላይ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ። ፍላሚንጎ ይወደዋል፣ ኮራል በአንድ ቀን ይሞትበታል።

እዚህ ላይ ነው የዓለም ጤና ውሃ የሚመጣው። ከገንዳ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። የእኛ አገር ነፋስ ደግሞ ይታወቃል። በበጋ ቀን አምስት ሊትር ይጠጣብኛል። የጎደለው በየቀኑ በጨው አልባ ውሃ ካልተተካ ገንዳው እየመረረ ይሄዳል። በዓመት ሲሰላ ከ1800 ሊትር ይበልጣል፤ የገንዳውን ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ የሚተካው ውሃ ውስጥ ያለ ማናቸውም ነገር ስድስት ጊዜ ተደራርቦ ይጠራቀማል። ውሃችን ውስጥ ምን አለ? አንድ ጠርሙስ ሞልቼ አዲስ አበባ በሰው በሰው ላስመረምር ላክሁ። የመጣው ወረቀት ላይ ብዙ ቁጥር ነበረ፤ በቀይ የተሰመረበት ግን አንዱ ነው፤ ፍሎራይድ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋሉ፤ የእኔውም ከእነሱ አንዱ ነበር። የባሕር ውሃ በሊትር 1.3 ሚሊግራም ገደማ አለው። በፍሎራይድ ብቻ ካየነው የጅቡቲ ባሕር ከጓሮዬ ጉድጓድ ይሻላል ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ ለረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ። አንድ ዓሣ ሊሞትብኝ ይችላል ብዬ የላክሁት ጠርሙስ፣ እናቴ፣ እኔና እኅቶቼ የጠጣነውን ነገረኝ።

ምክንያቱ የሸለቆው ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ፍሎራይድ ያዘለ ነው። ውሃ በውስጡ ሲያልፍ ያሟሟዋል። ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር፤ የእኛ ውሃ ግን ካልሲየም ደሃ ነው። ኮራል ለአጥንቱ የሚለምነው ካልሲየም ጉድጓዳችን ውስጥ ቢበዛ ኖሮ ጥርሳችን ባልቀየመ ነበር። ጥርስ ደግሞ ከድድ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ነው ውስጥ ለውስጥ የሚሠራው። ሕፃኑ በሁለት ዓመቱ የጠጣው በሰባት ዓመቱ ይታያል፤ ቡናማ ሆኖ። ብዙ የጠጣ፣ ለብዙ ዘመን የጠጣ ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል፣ ወገቡ አልታዘዝ ይላል። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ላይ የታየው ይኸው ነው፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ጎብጠው የቀሩ ሠራተኞችን መርምረው ለዓለም አሳውቀዋል። ማከሚያም ተሞክሯል። በሞጆ በኩል የከብት አጥንት አክስለው ውሃ የሚያጣሩበት ዘዴ አለ፤ አጥንቱ ፍሎራይዱን ይይዘዋል። ነገሩ ሲነገራቸው «የምን ከብት? በማን የታረደ?» ብለው የጠየቁ ነበሩ፤ አገራችን ነውና ጥያቄው ደንብ ነው።

እኔ ለገንዳው ማጣሪያ ገዛሁ። በግፊት ውሃን በስስ ቆዳ አሳልፎ ማዕድኑን የሚያስቀር ዓይነት ነው። ፍሎራይዱን ከአሥር ዘጠኙን እጅ ያስቀራል። ንፉግ ማሽን ነው፤ አንድ ሊትር ለመስጠት ሦስትና አራት ሊትር ይደፋል። የተደፋውን ባለቤቴ ለወለልና ለመፀዳጃ ታውለዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ሊ ቺን ኤንግ የሚባል የጃካርታ ሰው፣ ከፀሐይ፣ ከሕያው ድንጋይና ከአየር አረፋ በስተቀር ሌላ መሣሪያ ሳይኖረው የባሕር ገንዳ እንደሚያኖር ጽፎ ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። እኔም መንገዴ የእሱ ነው። የጠዋት ፀሐይ ከምሥራቁ መስኮት ይገባል፤ ኤልኢዲ መብራት የጨመርሁት ኋላ ነው። ለካልሲየሙ ኖራ እጠቀማለሁ። ኖራውን በተጣራ ውሃ አሟሟለሁ፣ አዘቅጠዋለሁ፣ ከላይ የጠለለውን ሌሊት ሌሊት በጉሉኮስ ላስቲክ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። ያን ላስቲክ ከመስተዋቱ በላይ ተሰቅሎ ያየች አንዲት እናት «ምን ነካው?» ብላ ዓሣውን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

ስታይሎፎራው ሰባት ወር ምንም አላደረገም። አልሞተም፣ አላደገምም። ጠዋት ከሱቅ በፊት፣ ማታ ከራት በፊት አየዋለሁ። በስምንተኛው ወር የአንዷ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የስንዴ ፍሬ የማታክል ነጭ ነጥብ ታየች። እንዲህ ያለው ጫፍ አዲስ አጥንት የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ሥጋው ገና ቀለም ያልያዘ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «እኔ አይታየኝም» አለች፤ መነጽሯን ግን አምጥታ እንደገና አየች። በየወሩ በመስተዋቱ ላይ ክር ዘርግቼ እለካውና ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር የጨመረበት ጊዜ አለ፤ ምንም ያልጨመረበትም አለ። በዘጠነኛው ዓመት ሁለት ጭብጥ አህሎ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በስድስተኛው ዓመት ነው፣ አንዱን ቅርንጫፍ በጉጠት ቆርጬ አዳማ ላለ የባሕር ኃይል ባልደረባዬ ወስጄ ሰጠሁት። ፀጉር ቤት አለው፤ ገንዳውን ያስቀመጠው ደንበኛ ወረፋ በሚጠብቅበት አግዳሚ ፊት ለፊት ነው። «ሰው ጢሙን ተላጭቶ አይነሣልኝም» ብሎ ያማርራል፤ ደስ እያለው።

በ2008 ዓ.ም. የልጅ ልጄ ከእኛ ጋር ልትኖር መጣች። እናቷ ቤሩት ናት። ልጅቱ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በወጉ የማትናገር፣ የገንዳውን መስተዋት በምላሷ የምትቀምስ። የመጣች ዕለት ማታ ባለቤቴ ከማጣሪያው ሥር ያለውን ጀሪካን አንሥታ ማድ ቤት ወሰደችው። ምንም አልተባባልንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑ የመጀመሪያ ሃያ ሊትር የልጅቱ ሆነ፤ ለመጠጥም፣ ለወጥም፣ ለሻይም። ፍሎራይድ ሲፈላ አይጠፋምና ማፍላት አይረዳም። ለገንዳው የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። መብራት ግማሽ ቀን በሚመጣባቸው ሳምንታት የሚተርፍ አልነበረም። ትነቱን ለመቀነስ ገንዳውን በመስተዋት ከደንሁት፤ ዓሣም ከዚያ ወዲህ አልጨመርሁም።

ወሬ በመንደር አይደበቅም። ያ «ይበላል?» ያለኝ ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ትንሹን ልጁን ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አስይዞ ላከው። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ «አባባ፣ የድንጋዩን ውሃ ስጠኝ ተብያለሁ» አለኝ። ሰጠሁት። በማግሥቱ ሁለት ሆኑ። በዓመቱ ከመንገዳችን ሰባት ልጆች በየጠዋቱ ይመጡ ነበር። የመጀመሪያ ጥርስ የጣሉ ትላልቆቹን ባለቤቴ «የእናንተ አልፏል፣ የታናናሾቻችሁን ዕቃ አምጡ» ብላ ትመልሳለች። ጭካኔ ይመስላል፤ ማሽኑ የሚሰጠው ግን የተቆጠረ ነው፣ የማጣሪያው ቆዳም ውድ ነው።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና አራት ሌሊት ጨለማ ሆነ። ከቆቃ ግድብ ሥር እየኖርን በኩራዝ ማምሸት ለእኛ አዲስ አይደለም። ለገንዳው ግን የኅዳር ብርድ ነው ክፋቱ። በ26 ዲግሪ የለመደው ውሃ በሁለተኛው ሌሊት 19 ገባ። የመኪና ባትሪው አየር ነፊውን እስከ ሦስተኛው ማለዳ አቆየው። መስተዋቱን በጋቢ ጠቀለልነው። በምድጃ የፈላ ውሃ በጠርሙስ እየሞላን ገንዳው ውስጥ አንሳፈፍን፤ ሌሊቱን በየተራ በጭልፋ ውሃውን ከፍ እያደረግን ወደ ታች አፈሰስን፤ አየር እንዲያገኝ። ባለቤቴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጭልፋ በእጇ፣ «እንዲህ አድርጌ አንተን አስታምሜህ አላውቅም» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ዓሣዎች ሞቱ። የስታይሎፎራው ሥጋ ከሥሩ ጀምሮ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ልጣጭ እየተላቀቀ ወረደ። መብራት ሲመጣ ከላይ እስከ ታች ነጭ አጥንት ሆኖ ቆሞ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቱ። ከለስላሳዎቹ ሁለት ተረፉ።

ገንዳውን ላፈርሰው ወሰንሁ። ዕድሜዬም እየገፋ ነው፤ ያ ሁሉ ሌሊትም ይበቃል። ባለቤቴ የዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ቦታዋን ልታገኝ ነው ብዬ ስነግራት ያልጠበቅሁትን ተናገረች። «አንተ ሰው፣ ገንዳው ከወጣ ማጣሪያውን ማን ይጠግነዋል? ለዓሣህ ስትል ነው ሌሊት የምትነሣለት። ለሰው ብቻ ቢሆንማ ነገ፣ ተነገ ወዲያ እያልክ አንድ ወር ታቆመዋለህ፤ እኔ አላውቅህም?» ልጅቱ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ ጥርሷ ተነቅሎ ቆርቆሮው ላይ ወርውራው ነበር። ሰባት ልጆች በር ላይ አሉ። ተነሥቼ አዳማ ሄድሁ።

ባልደረባዬ ደንበኛ እየላጨ ነበር። የእኔ ቅርንጫፍ እሱ ዘንድ ትልቅ ጎመን አህሏል፤ ከእኔ ከሞተውም ይበልጣል። «የፀጉር ቤት ብርሃን ይወዳል» አለኝ። የእሱ ሰፈር በዚያ ሳምንት መብራት አልጠፋበትም። መላጫውን አስቀምጦ፣ እጁን እስከ ክንዱ ታጥቦ፣ ሦስት ግንጣይ ቆርጦ በሃይላንድ ጠርሙስ አደረገልኝ። ደንበኛው ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ አብሮን ቆሞ ያይ ነበር። ግንጣዮቹን አምጥቼ በዚያው በሞተው አጥንት ላይ ለጠፍኋቸው፤ በባሕርም ቢሆን አዲሱ የሚበቅለው በአሮጌው አጥንት ላይ ነው። ሁለቱ ያዙ።

ስለ ጥርስ ቆይቼ አነሣለሁ ብዬ ነበር። የልጅቱ ቋሚ ጥርሶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወጡ። ባለቤቴ በየማታው ድዷን በባትሪ ታይ ነበር፤ እኔ ከኮራሉ ጋር የማደርገውን እሷ ከልጅቱ አፍ ጋር ታደርገው ነበር ማለት ነው። ነጭ ናቸው። ቀኙ ላይ የኖራ ብናኝ የመሰለ ቀጭን ደመና አለ፤ ልጅቱ አታስተውለውም። የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ወደ እኛ መምጣት የጀመረው በአራት ዓመቱ ነው፤ የእሱ ፊት ጥርሶች ጠርዛቸው ቡና ቀለም አለው፣ ኋላ የወጡት ግን ንጹሐን ናቸው። ከእሱ በታች የተወለደችው እኅቱ ከጡት ስትወርድ ጀምሮ የድንጋዩን ውሃ የጠጣች ናት። የእሷ የፊት ጥርሶች አሁን እየወጡ ነው። አባቷ ሲያልፍ በመስኮት «እንዴት ነው ቁርጡሚው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ ዓሣ ከሞተ ስንት ዓመቱ።

ደብተሩን አሁን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። የቀኑን ጨውነት፣ ሙቀት፣ የተጨመረውን ውሃ፣ የወሰዱትን ልጆች ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ትመዘግባለች፤ ቁጥሩን በራሷ መንገድ፣ አስተያየቱን በትምህርት ቤት በለመደችው በኦሮምኛ። ባለፈው ቅዳሜ ገጽ ላይ ጨውነት 1.026፣ ሙቀት 25.5፣ ስታይሎፎራ 11 ሴንቲ ሜትር ይላል። ከሥሩ ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ንባብ ከፍ እያለ መምጣቱን ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ቆዳው መለወጥ አለበት። አዲስ አበባ ዋጋ ጠይቄያለሁ፤ የእኅቴ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ጅቡቲ ይወርዳልና እዚያ እንዲያይልኝ ነግሬዋለሁ፤ ሲመለስ ስድስት ጀሪካን ባሕር እንዲሞላም።